ፍላጎት ይገደላል ወይስ ይገራል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ፣ መብራት ሊጠፋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። መነሻው ቀላል ነበር። አንዱ ጓደኛችን ለማስተማር ልምምድ የሚሆነውን የዕለት ትምህርት ዕቅድ ሲያዘጋጅ ቆይቶ እስክሪብቶውን ወረወረና፣ «እኔ መቼ መምህር መሆን ፈለግሁ! ነጥቤ አመጣኝ እንጂ!» አለ። ከላይኛው አልጋ የተጋደመው ሌላው ጓደኛችን ቀና ብሎ፣ «ካልፈለግህ ለምን አትለቅም? ያለፍላጎቱ መምህር የሚሆን ሰው የሚጎዳው ልጆቹን ነው» ሲል መለሰለት። ሦስተኛው፣ ጸሎቱን ጨርሶ ሊተኛ የነበረው፣ «ፍላጎት ፍላጎት ምን ትላላችሁ? ሰውን የሚያጠፋው ፍላጎቱ አይደለም እንዴ? ሰላም የሚያገኝ ፍላጎቱን የገደለ ሰው ነው» አለና ብርድ ልብሱን ተከናነበ። መብራቱ ጠፋ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ውድ የግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢያን፣ ይህ ጉዳይ የአንድ መኝታ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ከመካከላችን «ሳድግ አስተማሪ እሆናለሁ» እያልን ያደግን ስንቶቻችን ነን? አንዱ ሐኪም ሊሆን ነበር፤ አንዱ አውሮፕላን ሊያበር፤ አንዷ ዳኛ ልትሆን። እኔም ራሴ መሐንዲስ ልሆን ነበር። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እንዲሉ እነሆ ሁላችንም ጠመኔ ይዘን ተገናኘን። ታዲያ ሳይፈልግ የመጣ ሰው ምን ይሁን? ፍላጎቱን ገድሎ «ዕጣ ፈንታዬ ነው» ብሎ ይቀመጥ? ወይስ ልቡን ሌላ ቦታ አስቀምጦ በአካሉ ብቻ ክፍል ይግባ?

ሁለቱም አያዋጡም ባይ ነኝ። ፍላጎት የሚገደል ጠላት አይደለም፤ እንዳሻው የሚያዝዘን ጌታም አይደለም። ፍላጎት የሚገራ ወይፈን ነው። ያልተገራ ወይፈን ሞፈር ይሰብራል፤ የታረደ ወይፈን ደግሞ ጭራሹን አያርስም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመርምር። በዘወትር ንግግራችን ምኞትንና ፍላጎትን እንደ አንድ ነገር እንቆጥራቸዋለን። ግን አንድ አይደሉም። ምኞት አይከለከልም ይባላል፤ የማይከለከለውም ዋጋ ስለማያስከፍል ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ ሀብታም መሆን ይቻላል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ፍላጎት ግን ሌላ ነው። አማርኛችን «ፈለገ» ሲል ሁለት ነገር በአንድ ቃል ይናገራል፤ ወደደ ማለትም ነው፣ ተነሥቶ አሰሰ ማለትም ነው። በሬ የጠፋበት ገበሬ «በሬዬን እየፈለግሁ ነው» ሲል በሬ አማረኝ ማለቱ አይደለም፤ ሸንተረሩን ሲወጣና ሲወርድ መዋሉን መናገሩ ነው። ዱካን «ፈለግ» የምንለውስ? እንግዲህ የፈለገ ሰው ማለት ዱካ የያዘ ሰው ማለት ነው። እግሩን ያላነሣ ሰው ተመኘ እንጂ አልፈለገም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጓደኛችን አሳብ እንምጣ። አሳቡ የሚናቅ አይደለም። በዓለም ላይ ትልልቅ የሃይማኖት መምህራን ስለ ፍላጎት አስጠንቅቀዋል። የቡድሃ ትምህርት የሰውን ሥቃይ ከማይረካ ጥማት ጋር ያያይዘዋል። በአገራችንም ዓለምን ንቀው ገዳም የገቡ መናኞች አሉ። ራቅ ሳንል በየሰፈራችን እንኳ ልጓም ያጣ ፍላጎት ቤት ሲያፈርስ፣ ወዳጅና ወዳጅ ሲያለያይ፣ ሰውን ከሰውነት ሲያወጣ አይተናል። በዚህ አንከራከርም።

ነገር ግን ጾምን እንመልከት። በጾም ረሃብ ይገደላል ወይ? አይገደልም። እንዲያውም ያልራበው ሰው መጾሙ ምኑ ላይ ነው? ጾም ጾም የሚሆነው ረሃቡ በሕይወት ስላለ ነው። የሚጾመው ሰው ለረሃቡ ጊዜና ሥርዓት ያበጅለታል፤ «ቆይ፣ ገና ነው» ይለዋል። በእስልምናም ቢሆን ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ያልበላ ሁሉ ጾመ አይባልም፤ ኒያ ያስፈልገዋል፤ ልቡ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ስለዚህ መንፈሳዊ ሕይወት ፍላጎትን የሚቀብር መቃብር ሳይሆን ፍላጎት የሚገራበት ማሳ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ለዚህ አንድ የታወቀ የሕይወት ታሪክ ምስክር ልጥራ። ዘመኖቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። ገና በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ሙዚቃን የወደዱትም እዚያው ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በ1937፣ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አሲናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባሉ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በቀን እስከ 9 ሰዓት ድረስ ፒያኖና ቫዮሊን ይለማመዱ ነበር። ልብ በሉ፣ 9 ሰዓት! ይህ ምኞት አይደለም፤ ፍላጎት ነው።

ከዚያ በኋላ ለንደን ሄደው ሙዚቃ የሚማሩበት ዕድል ተገኘ። ፈቃድ ግን ተከለከሉ። ወጣቷ የውብዳር ለ12 ቀን ያህል እህል አልቀምስ ብለው ለሞት ተቃረቡ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፍላጎት አንድ በር ብቻ ያለው ሲመስለው፣ ያም በር ሲዘጋበት፣ ባለቤቱን መልሶ ይበላል። ከእኛም መካከል ነጥቡ አልሞላ ያለ ቀን እንዲህ የሆነ አይጠፋም፤ እህል ባይተውም ተስፋውን የተወ አለ። ይህን በሰው የምፈርድበት አይደለም፤ እኔም ቀምሼዋለሁ።

እማሆይ ከሞት አፋፍ ሲመለሱ የሄዱት ወሎ ውስጥ ወደምትገኘው ግሸን ማርያም ነው። መነኮሱ። ጫማቸውን አውልቀው በዚያ ተራራ ላይ 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። እንግዲህ ያ ጓደኛችን እንዳለው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር፤ ፍላጎት ሞተ፣ ሰላም ተገኘ፣ ተፈጸመ። ግን አላበቃም። እማሆይ ወደ ፒያኖአቸው ተመለሱ። ዜማም መድረስ ያዙ። በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ጎንደር ሲኖሩ፣ እየለመኑ የሚበሉና ደጅ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙዚቃ ግን ነበራቸው። በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኛ ተማሪዎች መርጃ እንዲሆን አደረጉ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ፤ በ2023 በ99 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስም ከፒያኖው አልተለዩም።

ከዚህ ምን እንማራለን? በልባቸው የነበረውን እርሳቸውና አምላካቸው ያውቃሉ፤ እኔ የማየው ሥራቸውን ነው። ሥራቸው የሚያሳየኝ ግን የወጣትነት ፍላጎታቸው በግሸን አለመቀበሩን ነው። ተገራ። በፊት «ልሂድ፣ ልማር፣ ልታወቅ» ሊል ይችል የነበረው ፍላጎት፣ ሲመለስ ደጅ ያደረውን ተማሪ የሚያይ ዐይን ይዞ ተመለሰ። ፒያኖው ያው ፒያኖ ነው፤ ጣቶቹም ያው ናቸው። የተለወጠው አቅጣጫው ነው። እንደ እኔ አስተያየት የመንፈስ ዕድገት የምንለው ይህንን ነው፦ የፍላጎት ማነስ ሳይሆን የፍላጎት መስፋት፤ ከ«እኔ» አልፎ ሌላውን እስኪያቅፍ ድረስ መስፋት።

የቅዱስ ያሬድን ስም ካነሣን አይቀር፣ ስለ እርሱ ከልጅነታችን የሰማነውን ታሪክ ለሙያችን ሲባል ደግመን እንየው። እንደሚተረከው ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ ገረፉት፤ እርሱም ጠፍቶ ሄደ። ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ፍሬውን ሊበላ ዛፉ ላይ ሲወጣ፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲወጣ አየ። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ደረሰ። ያሬድም ይህን አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ መምህራን ሁሉ ይጠቅሱታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት ግን ለትዕግሥት ነው። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ትሉ መውጣት ስለወደደ አልወጣም፤ ከላይ ፍሬ ስለነበረ ነው የወጣው። ከላይ ምንም በሌለበት ዛፍ ላይ ሰባት ጊዜ የሚወጣ ትል የለም። እኛ ግን ፍሬው የቱ ጋ እንዳለ ሳናሳይ ተማሪዎቻችንን «ውጡ! ውጡ!» እንላለን። ሁለተኛ፣ ያሬድን ዱላ አልመለሰውም። ዱላው አባረረው፤ የመለሰው ዐይኑ ያየው ነገር ነው። እጩ መምህራን ሆይ፣ ይህንን በደብተራችን ሽፋን ላይ ብንጽፈው አይጎዳንም፦ ዱላ ያባርራል፣ ፍላጎት ይመልሳል።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። በመጀመሪያው የማስተማር ልምምድ ጊዜዬ የደረሰኝ አራተኛ ክፍል ነበር፤ ርዕሱም የሬክታንግል ስፋት። «ስፋት እኩል ይሆናል ርዝመት ሲባዛ በወርድ» ብዬ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ደገሙልኝ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ራሱን ዴስኩ ላይ ደፍቶ ነበር። «ይሄ ትምህርት የማይፈልግ ልጅ ነው» አልኩ በልቤ። እዩት እንግዲህ! መምህር መሆን የማልፈልገው እኔ ልጁን መማር አይፈልግም ብዬ ወቀስኩት።

በማግሥቱ ክፍሉ ሲወጣ ልጁ ጠጋ አለኝና፣ «መምህር፣ ረዥም መሬትና ሰፊ መሬት፣ የትኛው ይበልጣል?» አለኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። እናቱ ጎመን የምትተክልበት መደብ ልትከራይ ሁለት ቦታ አሳይተዋት፣ ዋጋው እኩል ስለሆነ ረዥሙን መርጣለች። ልጁ ግን ልቡ አላረፈም። እኔም መልሱን ከመንገር ይልቅ ገመድ አምጥቼ በየሜትሩ ቋጠሮ አሰርንበት። መጀመሪያ ክፍሉን በሙሉ ወደ መረብ ኳስ ሜዳው ወሰድኳቸው፤ 18 ሜትር በ9 ሜትር፣ 162 ካሬ ሜትር ብለው ራሳቸው አወጡት። ከዚያ ልጁ ገመዱን ይዞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ መጣ። ረዥሙ 20 ሜትር በ6፣ አጭሩ 13 ሜትር በ10። አባዛ፤ 120 እና 130። ዝም ብሎ ቁጥሮቹን ሲያይ ቆየና፣ «እናቴ ተሸውዳለች» አለ።

ያ ልጅ ትምህርት የማይፈልግ ልጅ አልነበረም። ፍላጎቱ በጎመን መደቡ ላይ ነበር፤ ትምህርቱ ደግሞ በጥቁር ሰሌዳው ላይ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነበር የጠፋው። ያንን ማታ የዕለት ትምህርት ዕቅዴን ስጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገምጋሚው መምህር ብዬ አልጻፍኩትም፤ ለዚያ ልጅ ብዬ ጻፍኩት። እኔስ? መሐንዲስ ልሆን ነበር ብያችኋለሁ። መለካት፣ ማስላት፣ መሬት ላይ መስመር ማስመር እወድ ነበር። ያ ፍላጎት የሞተ መስሎኝ አዝኜበት ነበር። ገመድ ይዤ ሜዳው መካከል በአርባ ሕፃናት ተከብቤ ስቆም ግን፣ አለመሞቱን አወቅሁ። እንደጠበቅሁት ሆኖ አልመጣም እንጂ መጥቷል።

በዚህ ምክንያት ለሁለተኛው ጓደኛችን፣ «ካልፈለግህ ልቀቅ» ላለው፣ መልሴ ይህ ነው፦ ግማሹ እውነት ነው። በቅንነት ሞክሮ፣ ደጋግሞ ሞክሮ፣ ልቡ እንቢ ያለው ሰው ቢለቅ ነውር የለበትም፤ ለልጆቹም ይሻላል። ነገር ግን ፍላጎት ሁልጊዜ ከሥራ በፊት አይመጣም። አንዳንዴ ሥራው ይቀድምና ፍላጎቱ ይከተላል። ወይፈን ለሞፈርና ቀንበር ተዘጋጅቶ አይወለድም፤ ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው የሚለምደው። እኛም ሙያውን ከሚወድ መምህር ጎን ስንጠመድ ነው ፍላጎት የሚጋባብን። ውድ መምህራኖቻችን፣ ይህችን ቃል ለእናንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ይሄ ሁሉ የፍላጎት ስብከት መምህሩ በትንሽ ደመወዝ ዝም ብሎ እንዲኖር ማባበያ ነው» የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ እውነት አለው። ሙያውን የሚወድ ሰው ሁሉ ፍቅሩ እንደ ክፍያ ሊቆጠርበት ይችላል። ይህ ትክክል አይደለም። ለእማሆይ እንኳ ፍላጎታቸው ብቻውን አልበቃቸውም፤ ፒያኖም መምህርም አስፈልጓቸዋል። ትሉም ቢሆን ፍሬውን አግኝቶ ነው የጠገበ። መምህር እንጀራ ያስፈልገዋል፣ ቤት ያስፈልገዋል፣ መጽሐፍ ያስፈልገዋል፤ ይህን መጠየቅም መብቱ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ደመወዝ የጎደለበት ሰው ጠይቆ፣ ተሟግቶ ሊያስተካክለው ይችላል። ፍላጎቱን የጣለ ሰው ግን ደመወዙ በእጥፍ ቢጨመርለትም ያው ከኋላ ራሱን ዴስክ ላይ እንደደፋው ልጅ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ ከፊት መቆሙ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን ሦስት አሳብ ላቅርብ።

1ኛ/ እያንዳንዳችን ማታ ማታ በደብተራችን አንዲት መስመር እንጻፍ፦ «ዛሬ ምን ፈለግሁ? ለእርሱስ ምን አደረግሁ?» ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያጣ ዕለት፣ የነበረን ምኞት እንደነበረ እንወቀው።

2ኛ/ መምህራኖቻችን በትምህርት መክፈቻ ሳምንት ሰልጣኞችን ለምን እንደመጡ ይጠይቁን፤ «ነጥቤ ነው ያመጣኝ» ብሎ እውነቱን የተናገረውንም አይውቀሱት። እውነት የተናገረ ሰው ሊገራ ይችላል፤ የሚያስቸግረው «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» ብሎ የሚዋሸው ነው።

3ኛ/ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ፣ ጠመኔ ከማንሣታችን በፊት ቢያንስ አንድ ተማሪ ምን ማወቅ እንደሚፈልግ እንጠይቅ። አንድ ብቻ። ጎመን ይሁን፣ ኳስ ይሁን፣ የሬዲዮ አሠራር ይሁን፣ ትምህርቱን ከዚያ እናስጀምረው።

እስክሪብቶውን የወረወረው ጓደኛችንስ? ጠዋት ስንነሣ ከአልጋው ሥር ሲፈልገው አገኘሁት። «ምን ጠፋህ?» አልኩት። «እስክሪብቶዬን እየፈለግሁ ነው፤ ዛሬ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው» አለኝ። ፈለገ ማለት ይህም አይደል? አብረን ፈለግን፤ ከሳጥኑ ኋላ አገኘነው።

ከዚህ አሳብ ጋር የማይስማማ ካለ ይጻፍ፤ ሰሌዳው ላይ ቦታ አለ። በተለይ ሦስተኛው ጓደኛችን ብርድ ልብሱን ገልጦ መልስ ቢሰጠን ደስ ይለናል።

ከሁለተኛ ዓመት ሰልጣኞች አንዱ